ምዕራፍ 6፦ ደረቅ እንጨት፣ ስል ብረት

ከሳሪስ ቁልቁል ወደ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲም ወደ አቃቂ በሰቃ የሚወስደው መንገድ የብረት፣ የሲሚንቶና የከባድ መኪና መንገድ ነው። እንጨት በዚህ ሰፈር ጎልቶ የሚታየው በአብዛኛው የሌላ ሥራ አገልጋይ ሆኖ ነው፤ ለፎቅ ግንባታ መወጣጫ የቆመ አጠና፣ ለአርማታ የተመታ ጣውላ፣ ከውጭ የመጣ ዕቃ ተሸክሞ መጋዘን የገባ ፓሌት። እንዲያም ሆኖ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች በረንዳ ላይ፣ በአቃቂ አሮጌ ግቢዎች ሰርቪስ ቤት ውስጥ፣ በቆርቆሮ በተከለለች የጓሮ ጥግ፣ ቅዳሜና እሑድ መላጊያ የሚይዝ ሰው አይጠፋም። ለልጁ አልጋ፣ ለቤቱ መደርደሪያ፣ ለጎረቤቱ በርጩማ ይሠራል። ይህ ምዕራፍ የተጻፈው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው።

ሥራውን ሊጀምር ያሰበ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው “ምን ማሽን ልግዛ?” ብሎ ነው። ጥያቄው ክፋት የለውም፤ ግን ያለ ጊዜው የመጣ ነው። በቤት የተሠራ ወንበር በዓመቱ የሚንገዳገደው፣ የቁም ሣጥን በር ነሐሴ ላይ አልዘጋ የሚለው፣ የጠረጴዛ ገበታ ጥር ላይ ለሁለት የሚከፈለው በማሽን እጦት አይደለም። ወይ እንጨቱ እርጥብ ነበር፣ ወይ መሣሪያው ደንዝዞ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ሁለቱም። ስለዚህ እዚህ የምናወራው በቅድሚያ ስለ ውሃና ስለ ስለት ነው። ማሽን ተራው ሲደርስ እናነሳዋለን፤ ብዙም አንቆይበትም።

እንጨቱ ምን ያህል ውሃ ይዟል?

ጣውላ መሸጫ ገብቶ “ደርቋል ወይ?” ብሎ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ የታወቀ ነው። “እንዴ ጋሼ፣ ይሄ እኮ ካለፈው በጋ ጀምሮ የተቀመጠ ነው!” ሻጩ የግድ እየዋሸ አይደለም። ጣውላው ከላይ ሲነኩት ደረቅ ነው፤ ፀሐይ ያየው ወገኑ ነጥቷል። ችግሩ ያለው መሐሉ ላይ ነው።

ትኩስ የተቆረጠ እንጨት ውሃውን በሁለት ቦታ ይይዛል፤ በጥቃቅን ህዋሳቱ ባዶ ክፍልና በህዋሳቱ ግድግዳ ውስጥ። በባዶው ክፍል ያለው ቀድሞ ይወጣል። በዚህ ጊዜ እንጨቱ ይቀልላል እንጂ መጠኑ ብዙም አይለወጥም። የቀረው ውሃ ከእንጨቱ ደረቅ ክብደት 30 በመቶ ገደማ ሲደርስ ተራው የግድግዳው ይሆናል፤ መኮማተሩ፣ መሰንጠቁና መጣመሙ የሚመጣው ያኔ ነው። መኮማተሩም በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። በቁመቱ ከቁጥር የማይገባ ነው፤ በስፋቱ ግን በዓይን ይታያል። ሁለት ሜትር ጣውላ ዓመቱን ሙሉ ሁለት ሜትር ነው፤ አርባ ሳንቲ ሜትር ስፋት ግን አርባ ሆኖ አይከርምም።

እንጨት ከደረቀም በኋላ ከአየሩ ጋር መቀባበሉን አያቆምም። የአየሩ እርጥበት 50 በመቶ ሲሆን እንጨት 9 በመቶ ገደማ ውሃ ይዞ ይረጋል፤ አየሩ 80 በመቶ ሲደርስ ደግሞ እንጨቱ ወደ 16 በመቶ ይወጣል። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከጥር ደረቅ ነፋስ እስከ ነሐሴ ጭጋግ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ይመላለሳሉ። በስሌት ሲታይ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ ከበጋ ወደ ክረምት ሲሻገር ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ሊሰፋ ይችላል ማለት ነው። የቁም ሣጥኑ በር ለምን እንደነከሰ አሁን ግልጽ ነው። በጥር የተሠራ በር ዙሪያውን ክፍተት ይፈልጋል። በነሐሴ የተሠራው ግን ጠበቅ ተደርጎ ቢገጠም ግድ የለም፤ በጋ ሲመጣ ራሱ ይላቀቃል። ይህን ሳይጽፉት የሚያውቁ አሮጌ አናጢዎች ክረምት ላይ የነከሰ በር እንዲልጉ ሲለመኑ “መስከረም ይጥባ” ብለው የሚመልሱት ስንፍና እንዳይመስላችሁ።

ድርቀትን ለማወቅ የሚሸጥ መለኪያ አለ፤ ባይኖርም የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። ከጣውላው ጫፍ 30 ሳንቲ ሜትር ገባ ብለው በስፋቱ ልክ ሁለት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላት ቁራጭ ያውጡ፤ ጫፉ ሁልጊዜ ከመሐሉ ቀድሞ ስለሚደርቅ ያታልላል። ቁራጯን ወዲያው ይመዝኑ። ከዚያ 103 ዲግሪ አካባቢ በሚሞቅ ኦቨን ውስጥ ክብደቷ መቀነስ እስኪያቆም ያቆዩና ደግመው ይመዝኑ። መጀመሪያ 96 ግራም የነበረችው 80 ግራም ላይ ከቆመች፣ የጠፋው 16 ግራም ለ80 ሲካፈል 20 በመቶ ነው። ይህ ለአጥር ይሆናል፤ ለጠረጴዛ ገና ነው። ኦቨን የሌለው ሰው ደግሞ ሙሉውን ጣውላ ይመዝንና ክብደቱንና ቀኑን እዚያው እንጨቱ ላይ በእርሳስ ይጻፍ። በየሳምንቱ መዝኖ ቁጥሩ መውረዱን ሲያቆም እንጨቱ ከሰፈሩ አየር ጋር ተስማምቷል።

እስኪደርቅ የት ይቀመጥ? ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው፣ ነፋስ ግን የሚያልፍበት ቦታ። የአቃቂ ጥቁር አፈር ክረምት ውሃ ቋጥሮ ስለሚከርም ክምሩ ከመሬት ቢያንስ በብሎኬት ከፍታ መነሳት አለበት። በየጣውላው መካከል እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን ርብራቦች ይገባሉ፤ ከላይ እስከ ታች ርብራቡ በአንድ መስመር ካልዋለ ጣውላው በክብደቱ ይጎብጣል። ሁለቱን ጫፎች በተረፈ የዘይት ቀለም ወይም በሰም መቀባት ጫፉ ቀድሞ ደርቆ እንዳይተረተር ያደርጋል። ከሁሉ በላይ ከባድ ነገር ይጫን። ኅዳር ላይ የተከመረ ስስ ጣውላ በጋውን ሙሉ ሲነፍስበት ከርሞ ሚያዝያ ላይ ብዙውን መንገድ ጨርሶ ይገኛል።

ምን እንጨት፣ ከየት?

ለቤት ዕቃ አገራችን ካላት ሁሉ ዋንዛ ይመረጣል። ቀላል ነው፣ ለመላጊያ ይታዘዛል፣ ሲደርቅ ጠባዩ ጨዋ ነው። ግን ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ተከልክለው ነበር። ምንጩ ያልታወቀ የዋንዛ ጣውላ በርካሽ ሲቀርብ መግዛት ለሕግም ለህሊናም ጣጣ ነው። ሕጋዊውና የተሻለው ዋንዛ አሮጌው ዋንዛ ነው፤ ቆራሌ የሰበሰበው ጠረጴዛ፣ ቤት ሲፈርስ የወጣ በርና መስኮት። ሠላሳና አርባ ዓመት በቤት ውስጥ የኖረ እንጨት መድረቁን መጠየቅ አያስፈልግም። ሚስማሩ ግን ይፈተሽ፤ ከተቃጠለ የድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት በላዩ ማሳለፍ የመላጊያን ምላስ ከጥርስ መሸረፍ ያድናል።

ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከመጣ ወዲህ አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት ያዳነ ዛፍ ነው። ለቤት ዕቃ ሲሆን ግን እልኸኛ ነው። ግንዱ ቆሞ ሳለ በውስጡ ውጥረት ያከማቻል፤ መጋዝ ሲገባበት ውጥረቱ ይለቀቅና ጣውላው ገና ከመጋዙ ሳይወጣ ይጎብጣል። ነጩ ባሕር ዛፍ በተለይ በፍጥነት ከደረቀ ግድግዳው ገና ውሃ ሳያጣ ህዋሳቱ ወደ ውስጥ ይወድቃሉ፤ ጣውላው ቆርቆሮ ይመስል ይሸበሸባል። ስለዚህ ለሰፊ ገበታ አይሆንም። ለወንበር እግር፣ ለአልጋ አግዳሚ፣ ለመሣሪያ መደርደሪያ ግን ጠንካራና ርካሽ ነው። በጥላ፣ በዝግታ ይድረቅ፤ ቡሎን ከመግባቱ በፊት ይበሳ። ሳይበሱ ባሕር ዛፍ ውስጥ ቡሎን ማሰር ጫፉን ሰንጥቆ ለመጣል ነው።

ግራቪሊያ መሐል ላይ ይቆማል። በየግቢውና በየመንገዱ ዳር ስለተተከለ ይገኛል፤ ሲላግ የሚያወጣው ዝንጉርጉር መልክ ያምራል። አንዳንድ ሰው ላይ ግን ሰጋቱራው የቆዳ ማሳከክና ሽፍታ ስለሚያመጣ እጅጌ ወርዶ ቢሠራ ይሻላል። ወይራ ለዕቃ ሳይሆን ለመሣሪያ ነው፤ ለመሮ እጀታ፣ ለእንጨት መዶሻ፣ ለመላጊያ ታች የሚሆን ከእሱ የተሻለ በቅርብ አይገኝም። ተቆራርጦ ለማገዶ ከሚሸጠው ክምር ቀጥ ያለችዋን መርጦ ማስቀረት ይቻላል።

አቃቂ ቃሊቲ ከሌላው የከተማ ክፍል የሚበልጥበት አንድ ሀብት ፓሌት ነው። ፋብሪካውና የዕቃ መጋዘኑ ስለበዛ ከውጭ ዕቃ ተሸክሞ የመጣ ፓሌት አገልግሎቱን ሲጨርስ በርካሽ ይሸጣል። አብዛኛው ጥድ መሰል ለስላሳ እንጨት ነው፤ አንዳንዴ ጠንካራም ይገኝበታል። ከመግዛት በፊት ጎኑ ላይ የተቃጠለውን ማኅተም ያንብቡ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ጤና ደንብ ድንበር የሚሻገር የማሸጊያ እንጨት ሁሉ ተባይ እንዳያዛምት እንዲታከም ያዛል። ማኅተሙ ላይ የስንዴ ዛላ ምልክት አለ፤ ቀጥሎ የአገሩ ሁለት ፊደል፣ የአምራቹ ቁጥር፣ በመጨረሻ የሕክምናው ዓይነት በላቲን ፊደል። “ኤች ቲ” የሚለው እንጨቱ እስከ እምብርቱ 56 ዲግሪ ደርሶ ለ30 ደቂቃ መሞቁን ይነግራል። ይህን ይውሰዱ። “ኤም ቢ” የሚለው ሜቲል ብሮማይድ በተባለ መርዛማ ጋዝ ታጥኗል፤ እሱን ለቤት ዕቃ፣ ይልቁንም ለልጅ አልጋ ባይነኩት ጥሩ ነው። ማኅተም የሌለው ወይም የዘይትና የኬሚካል እድፍ ያለበትም እንዲሁ ይቅር። ፓሌት ውስጥ የተመታው ሚስማር ብዙ ጊዜ ጠመዝማዛ ስለሆነ በጉጠት ለመንቀል መታገል ጣውላውን ይሰነጥቀዋል። በሁለቱ እንጨቶች መካከል የብረት መጋዝ ምላጭ አስገብቶ ሚስማሩን መቁረጥ ይቀልላል፤ የቀረችው ቁራጭ በኋላ በስተጀርባ ተመትታ ትወጣለች።

ስለት

ጥሩ መሮ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መርካቶ ምናለሽ ተራ ከከባድ መኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ መሮ ይሸጣል። ባሌስትራ ካርቦኑ ጥሩ የሆነ የስፕሪንግ ብረት ስለሆነ በአግባቡ ከተጠነከረ ስለት ይይዛል። አቃቂ ራሷም በመለዋወጫና በእጅ መሣሪያ ፋብሪካዋ የታወቀች ናት። መሮውን ሲገዙ በሞረድ ጠርዙን ይሞክሩ፤ ሞረዱ እንደ ልቡ ከነከሰው ብረቱ አልጠነከረም፣ ከተንሸራተተ ጠንክሯል። ሦስት መሮ ይበቃል፤ 6፣ 12 እና 25 ሚሊ ሜትር።

አዲስ መሮም ሆነ አዲስ የመላጊያ ምላስ ከሱቅ ሲመጣ አይቆርጥም። ለመሳል የሚያስፈልገው ውድ ድንጋይ አይደለም። ቃሊቲና አካባቢው ጋራዥ በጋራዥ ነው፤ መኪና ቀለም ቀቢዎች ውሃ የማይፈራ ጥቁር ብርጭቆ ወረቀት ይጠቀማሉ። 400፣ 1000ና 2000 ቁጥር አንድ አንድ ይግዙ። ከመስታወት ቆራጭ ዘንድ ወፍራም የተረፈ መስታወት ያምጡ፤ መስታወት ለጥ ያለ ነው፣ ያለ ምንም ልፋት። ወረቀቱን በውሃ አርሰው በላዩ ይለጥፉት።

መጀመሪያ የመሮው ጀርባ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ይዘልለዋል። ስለት የሁለት ገጽ መገናኛ ስለሆነ ጀርባው ካልተስተካከለ ፊቱን ማሾል ድካም ብቻ ነው። ጀርባውን 400ው ላይ በጣት ጫን ብለው ያንሸራትቱት። መጀመሪያ የሚያበራው ዳርና ዳሩ ነው፤ መሐሉ ጭጋግ እንደለበሰ ይቀራል። ጭጋጉ ከጠርዙ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪሸሽ አያቁሙ። ከዚያ 1000ው፣ ከዚያ 2000ው ላይ፤ የመስኮቱ ፍሬም በብረቱ ላይ መታየት ሲጀምር በቃ። ይህ ለአንድ መሮ በዕድሜው አንዴ የሚሠራ ሥራ ነው።

ፊቱ 25 ዲግሪ ይሞረድ፤ የመጨረሻዋ ጫፍ ብቻ 30 ዲግሪ ትሳል። ማዕዘን መለኪያ ከሌለ ሜትሮ ይበቃል፤ ብረቱ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው የተሞረደው ፊት ርዝመት 7 ሚሊ ሜትር ሲሆን 25 ዲግሪ ላይ ነዎት፣ 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ 30 ላይ። እየሳሉ ጀርባውን በአውራ ጣት ወደ ውጭ ሲዳስሱት በጠርዙ ሙሉ ስፋት ቀጭን የታጠፈች ጭራ ከተሰማችዎ ስለቱ ደርሷል ማለት ነው። ጀርባውን 2000ው ላይ አጋድመው ጭራዋን ያንሱ፤ ከዚያ አሮጌ የቆዳ ቀበቶ ላይ ወደ ኋላ ብቻ እየጎተቱ ይጨርሱ። ፈተናው በጥፍር ወይም በጸጉር አይደለም። የፓሌት ጥድ ቁራጭ ጫፉን ወደ ላይ አድርገው ይላጡት፤ ስል መሮ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ገጽ ይተዋል፣ የደነዘዘው ይፈረፍራል፣ ነጫጭ ቀዳዳ ይተዋል።

በኤሌክትሪክ ሞላ መሳል ለቸኮለ ሰው ነው፤ የቸኮለም ብረቱን ያቃጥላል። ጠርዙ ወደ ሰማያዊ ሲለወጥ 300 ዲግሪ አካባቢ ደርሷል፤ ጥንካሬው ሄዷል። ያን የጠቆረ ክፍል ሙሉ በሙሉ ሞርዶ ከማስወገድ ሌላ መላ የለውም። ሞላ ከተጠቀሙ በየሁለት ሦስት ሰከንዱ ውሃ ውስጥ ይንከሩ፤ ጣትዎ ብረቱን መያዝ ካቃተው ዘግይተዋል።

መጋዝ ላይ አጠር አድርጌ ልለፍ። ለቁመቱ የሚሰነጥቀው መጋዝ ጥርስ እንደ መሮ ጠፍጣፋ፣ ለስፋቱ የሚቆርጠው እንደ ቢላ ሹል ነው። አንድ መጋዝ ብቻ የሚገዛ ሰው የስፋቱን ይግዛ። በቅርቡ በየሱቁ የሚታየው ሲጎተት የሚቆርጠው ስስ የጃፓን ዓይነት መጋዝ ለጀማሪ እጅ ይቀልላል፤ ነገር ግን ሲደነዝዝ ተሞርዶ ስለማይሳል ምላጩ ይጣላል። የእኛ ሰፊ መጋዝ በሦስት ማዕዘን ሞረድ ዕድሜ ልክ ይሳላል።

ልክ

ሜትሮ ጫፉ ላይ ያለችው መንጠቆ የምትንቀሳቀሰው ተበላሽታ አይደለም። የምትንቀሳቀሰው በራሷ ውፍረት ልክ ነው፤ ከጫፍ ስትሰቀል ወደ ውጭ፣ ግድግዳ ላይ ስትገፋ ወደ ውስጥ፤ በሁለቱም ልኬቱ ልክ ይሆናል። እሷን በመዶሻ መትቶ “ያጠበቀ” ሰው ሜትሮውን ገድሎታል። በአንድ ሥራ ውስጥም ሜትሮ አይቀያየርም፤ የሱቅ ሜትሮዎች እርስ በርሳቸው አይስማሙም።

ስኳድራን ለመፈተን ቀጥ ካለ የቺፑድ ጠርዝ ላይ አስደግፈው በሹል እርሳስ መስመር ያስምሩ፤ ስኳድራውን ገልብጠው ከዚያው ነጥብ ሌላ ያስምሩ። ሁለቱ መስመሮች ከተለያዩ የስኳድራው ስህተት የልዩነቱ ግማሽ ነው። ሻጩ ፊት ይሞክሩት፤ ቢከፋው ይክፋው። ሣጥን ወይም የበር ፍሬም ሲገጥሙ ደግሞ ስኳድራ ሳይሆን ሰያፍ ልኬት ይመኑ፤ ከጥግ እስከ ጥግ ሁለቱ ሰያፎች እኩል ከሆኑ ሥራው ቀጥ ብሏል።

መያዝና መገጣጠም

የሥራ ጠረጴዛ ማማር የለበትም፤ መክበድ አለበት። ቁመቱ እጅ ወደ ታች ሲንጠለጠል አንጓው የሚደርስበት ይሁን። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቦታ ስለማይበቃ ገበታውን ከግድግዳ ጋር በቡሎን ማሰር ክብደትን ይተካል። ሞርሳው የብረት ከሆነ ጥርሶቹ ላይ የእንጨት ሰሌዳ ይለጠፍ፤ አለዚያ የያዘውን ሁሉ ያቆስላል።

ስለ መገጣጠሚያ ስናወራ ሁለት የአገራችን ሥራዎች ሁለት የተለያዩ መልሶችን ይሰጣሉ። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ነው። መገጣጠሚያ ስለሌለው የሚላቀቅ ነገር የለውም፤ እንጨቱ ሲደርቅ መቀመጫውም እግሩም አንድ ላይ ይኮማተራሉ። የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን፣ በላስታ ዋሻ ውስጥ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የታነጸው፣ ተቃራኒውን መንገድ ሄዷል። በግድግዳው ርዝመት የተጋደሙ እንጨቶችን አቋራጭ እንጨቶች ተቦርቡረው ቆልፈው ይይዟቸዋል። ቁልፉ ያለው በእንጨቱ ቅርጽ ውስጥ ነው።

የቤት አናጢ ከሁለተኛው ይማራል። ወንዴና ሴቴ መገጣጠሚያ ለወንበርና ለጠረጴዛ እግር ምትክ የለውም። የወንዴው ውፍረት የእንጨቱ ሲሶ ይሁን። ሴቴው ቀድሞ ይቦርቦር፣ ወንዴው በእሱ ልክ ይቆረጥ፤ ጉድጓድን ከማስፋት ወንዴውን ማሳነስ ይቀልላል። በእጅ ተገፍቶ የሚገባ፣ ተገልብጦ ሲንጠለጠል ግን የማይወድቅ ከሆነ ልክ ነው። በመዶሻ ካልሆነ የማይገባው ሴቴውን ይሰነጥቃል፤ በራሱ የሚወድቀውን ኮላ አያድነውም።

ሰፊ ገበታን ከፍሬም ጋር ሲያስሩ ጥር እና ነሐሴን ያስታውሱ። በኮላ ዙሪያውን የተጣበቀ ገበታ መንቀሳቀሻ ስለሌለው ራሱን ይሰነጥቃል። ከሥር በቡሎን ይያዝ፣ የቡሎኑ ቀዳዳ ግን በገበታው ስፋት አቅጣጫ ረዘም ይበል። ኮምፔርሳቶና ኤምዲኤፍ ይህን ጣጣ አያውቁም፤ ለሣጥን ጀርባና ለመሳቢያ ታች የሚመረጡትም ለዚህ ነው።

ነጩ ኮላ የአቃቂን ሌሊት አይወድም። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ ከ10 ዲግሪ በታች ባለ ብርድ የተጣበቀ መገጣጠሚያ ኮላው እንደ ኖራ ነጥቶ ይቀራል፤ የጠነከረ ይመስላል፣ ሲጫኑት ይለቃል። በብርድ ወራት ሥራውን ረፋድ ላይ ያጣብቁ፣ እንጨቱም ቀድሞ ፀሐይ ላይ ይሙቅ። ሞርሳው ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ፤ ክብደት ለመሸከም ግን አንድ ቀን ሙሉ ይጠብቁ።

ማሽን

የመጀመሪያው ትራፓኖ ነው። ሁለተኛው ላይ እኔ አልቸኩልም፤ ማላጊያ ማሽን ያለው እንጨት ቤት በሰፈሩ እያለ ሻካራውን ጣውላ እዚያ አስልጎ ቤት ማምጣት ለጎረቤትም ለኪስም ይሻላል። የተላገው ጣውላ ለጥቂት ቀናት ይረፍ፤ አዲስ ገጽ ሲከፈት እንደገና ትንሽ ይጣመማልና የመጨረሻውን በእጅ መላጊያ ይጨርሱ። የእጅ መላጊያ መብራት ቢጠፋ አይቆምም፤ ፎቅ ላይ ያለ ጎረቤትም አያስቀይምም።

አንድ ልማድ ግን ሳልናገር አላልፍም። ለብረት መቁረጫ የተሠራውን ግራይንደር የእንጨት መጋዝ ዲስክ አስገብቶ መጠቀም በየሥራው ቦታ ይታያል። ግራይንደር በደቂቃ ከ10,000 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል፤ ጥርስ ያለው ዲስክ እንጨት ውስጥ ሲነክስ ማሽኑን ወደ ያዘው ሰው ይወረውረዋል። መከለያው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዲስኩ አልገባ ሲል የተነሳ ነው። አይሞከር።

ኤክስቴንሽን ገመድ ከጥቅሉ ሙሉ በሙሉ ይዘርጋ፤ እንደተጠቀለለ ከባድ ማሽን ከነዳ ግሎ ይቀልጣል። ሰጋቱራ ላይም ቀልድ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1995 የእንጨት ብናኝን ካንሰር አምጪ ከተባሉት ተርታ መድቦታል። ከኮቪድ ወዲህ በየፋርማሲው የቀሩት ጠበቅ ያሉ ጭምብሎች ለዚህ ይሆናሉ፤ ኤምዲኤፍ ሲቆረጥ በተለይ።

ቅባት

ቫርኒሽ ፈጥኖ ያበራል፣ ሲላጥ ግን እንደገና መጀመር ነው። ለቤት ሥራ የተልባ ዘይት የበለጠ ይስማማኛል። ተልባ ከአየር ጋር ሲገናኝ እየጠነከረ የሚሄድ ዘይት ነው። የኑግ ዘይትም ከዚሁ ወገን ነው፣ ከተልባው ግን ይዘገያል። ከውጭ የሚመጣው የፓልም ዘይት በጭራሽ አይደርቅም፤ በእሱ የተቀባ ጠረጴዛ ዓመት ሙሉ እጅ ላይ ይጣበቃል።

እንጨቱ እስከ 240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ከተለሰለሰ በኋላ የመጀመሪያው ዙር ተልባ በአኳራጃ ቀጥኖ ይቀባ፤ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ያልተመጠጠው ሁሉ በጨርቅ ይጠረግ። ይህ መጥረግ ከመቀባቱ ይበልጣል፤ የተረፈው ዘይት ሙጫ ሆኖ ይቀራል። ከቀጣዩ ዙር በፊት ቀናት ይፈጃል፣ በክረምት ደግሞ ሳምንት አልፎ ሊሄድ ይችላል። ሦስት ስስ ዙር ከአንድ ወፍራም ይሻላል።

ተልባ የነካ ጨርቅ ግን ተጨማድዶ ጥግ ላይ አይጣል። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ ጨርቁ ከተጠቀለለ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ያለ ክብሪት ይቀጣጠላል፣ ከሥሩ ሰጋቱራ ካለ ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው። ሥራው እንዳለቀ ጨርቁን ውጭ አጥር ላይ ነጠል አድርገው ይዘርጉት፣ ወይም ውሃ በሞላ ባልዲ ይንከሩት። እንደ ካርቶን ደርቆ ሲቆረፍድ ከሌላው ቆሻሻ ጋር ሊጣል ይችላል።